የቀረው ዱቄት

ሥራዬ መመዘን፣ ዕቃውንም ሰውንም፣
ዶሮ ከነቅርጫቱ፣ ከነእናቱ ሕፃኑንም።
በሩፑኑኒ ሜዳ አውሮፕላን ማለት
ባለ አንድ ሞተር ናት፣ ፌንጣ የምታህል፣
ከቁጥር በስተቀር ልመና የማትሰማ።

ፊሎሜና መጣች ማክሰኞ ማለዳ፣
ዝናቡ ቢያባራም ሳይጠነክር ሜዳ።
ጫማዋን አውልቃ ወጣች ሚዛኑ ላይ፣
ሳቋን ለመደበቅ ዞራ ወደ ሰማይ።
«ልጄ ጋ ነው» አለች፣ «ወደቡ ከተማ፤
ዱቄት አምጪ ይላል ድምፄን እንደሰማ።»
የካሳቫ ዱቄት፣ ፍቃ፣ ጨምቃ፣ ቆልታ፣
ሙሉ ከረጢት ነው የመጣችው አዝላ።

መርፌው አለፈብኝ ከቀዩ መስመር፣
ከወረቀቴ ላይ ከታዘዘው ቁጥር።
ሦስት ኪሎ ትርፍ።
ሚዛን ፊት ስቆም እኔ ዘመድ የለኝም።
ከረጢቱን ፈታሁ፣ በጣሳ ሰፈርሁ፣
ሦስቱን ቀንሼ ለብቻው አሰርሁ።
ተቆጣች፤ ደግሞ ሳቀች። «በሚመጣው በረራ
ላክልኝ» አለችኝ፣ «እንዳትረሳ፣ አደራ!»

ዴቫናንድ ክንፏን መታ መታ አደረጋት
እንደ በቅሎ አንገት፤ ሞተሯን ቀሰቀሳት።
አምስት ሰው ከኋላው።
ጭቃ እየረጨች ሮጠች፣ አፍንጫዋን አቀናች፣
ከማንጎው ዛፍ በላይ አንድ ቁመት ወጣች፣
ከዚያ ድምፁ ቆመ።
አልጮኸም፣ አልፈነዳም፤ ዝም አለ ብቻ፣
ሰው የጀመረውን ወሬ መሀል ላይ እንደሚረሳ።
ግራ ክንፏ ዘመመ።
እጄን ዘርግቼ ነበር፤
ምን ልይዝ እንደነበር እንጃ።

መርማሪዎች መጥተው ሚዛኔን ፈተሹ፣
ሰባት ጊዜ ጭነው ሰባቴ መለሱ።
«ልክ ነው» አሉኝ። «ጥፋቱ ከነዳጁ፤
በርሜሉ ክዳን ሥር ዝናብ ገብቶበታል።
ያንተ እጅ ንጹሕ ነው።»
እጄን አየሁት።
ጥፍሬ ሥር ነጭ ነገር ነበር።

ልጇ በወሩ መጣ፣ ኢግናሲዮ ይባላል፤
አገጩ የእሷ ነው፣ ዝምታው ግን የራሱ።
ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።
ከአልጋዬ ራስጌ አደራዋን አወጣሁ።
ይቅር ይበለኝና፣ ልማድ ሆኖብኝ፣
ከመስጠቴ በፊት ሚዛኑ ላይ አኖርሁት።
ሦስት ኪሎ ነበር፤ በእጄ ነው የሰፈርሁት።
መርፌው ተንቀጥቅጦ ሦስት ከሩብ ላይ ቆመ።
ክረምቱ ገብቶበት።

ልጁ መርፌውን እያየ፣
«ስንት ሆነ?» አለኝ።