አሥራ አንድ ደቂቃ

የመርከቡ መዝገብ በቀለም ጽፎታል፤
«ልክ ከምሽቱ ሦስት፣ ጥይት ተተኩሷል።»
ካፒቴኑ ሰዓቱን የሚያርመው ከሬዲዮ፣
ሲምል አልተርበደበደም፤ ስሙ ሆራሲዮ።

ወደቡ አጠገብ፣ በጥቁር ድንጋይ ቤት፣
ወረቀት ላይ ወድቆ፣ መነጽሩ ከፊት፣
አገኘሁት አማንሲዮን፣ ውል አዋዋዩን፤
ቀለሙ ከደሙ ተዋውሎ፣ መለየት ሲያቅተኝ የትኛው የቱን።

ደሴቲቱ ጠባብ ናት፤ ባሕር የተፋት አለት፣
ታች ያስነጠሰውን ላይ ያለው «ይማርህ» የሚልባት።
በሳምንት ሁሉን ጠየቅሁ፤ ላም አላቢውን፣ አይብ ነጋዴውን፣
ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ዓሣ ነባሪ የሚጠብቀውን።
ማንም ጣቱን አልቀሰረም፤ በዓይን ጠቆሙኝ አንዲት ቤት፤
ዴኦሊንዳ፣ ሰዓት ሠሪዋ፤
በሐሰት ፊርማ መሬቷን የተነጠቀች፣
ወንድሟን በዚያ ብስጭት የቀበረች ሴት።

ግን አርባ ምስክር አላት፤ አርባ፣ ቄሱን ሳልቆጥር፤
«ሦስት ሰዓት ሲደወል እዚሁ ነበረች፣ ከበሩ ሥር፣
ሻማ ስትለኩስ። ቁና ቁና ትተነፍስ ነበር፤
አስም አለባት፣ ምስኪን» አሉኝ። ጻፍሁት። አለፍሁት ያን ነገር።

ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን በእግሬ ለካሁ፤
ሮጥሁ፣ ሁለቴ ወደቅሁ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀሁ።
ቀድሞም በነጋታው ማማው ላይ ወጥቼ ሰዓቱን አይቻለሁ፤
ልክ ነው። ከሬዲዮው ጋር አንድ ነው። ወረድሁ።

ሰው ሁለት ቦታ አይገኝም። መዝገቡን ዘጋሁት።
«የሞተ ተጎዳ» አለ አገሩ፤ እኔ በሆዴ ከፍቼ ተውሁት።

የሟች ልጅ ዙልሚራ፣ የሙታን ቀን በሆነ ቁጥር፣
ሰማያዊ አበባ ታቅፋ ቢሮዬ ትመጣ ነበር።
አትቀመጥም። «አዲስ ነገር?»
«የለም፣ ዙልሚራ።» «እሺ።»
ከአበባዋ ጠብ ያለው ውኃ እስኪደርቅ ወለሌ ላይ ይቆይ ነበር።

ጡረታ ወጣሁ። ሽጉጤን አስረከብሁ። ጉልበቴ ዳገት ጠላ።
የአባቴ የኪስ ሰዓት አንድ ማለዳ ቆመ፤ ወዴት ልሂድ ሌላ?
ከፍታ አየችው። እጇ አርጅቷል፤ ዓይኗ ግን መርፌ ነው።
«ሐሙስ ይምጡ» አለች። ሄድሁ። «ስንት ነው?»
«የምን ሒሳብ ነው፤
እርስዎ ለእኔ ብዙ ደክመዋል።»
አልሣቀችም። መስኮቷ ሥር ድመት ፀሐይ ትሞቃለች።
የሰዓቱን ክዳን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ገጠመች።

ቤቴ ገብቼ ሬዲዮ ከፈትሁ፤ ዜና አንባቢው ሰዓት ጠራ።
የእኔው ወደኋላ ቀርቷል፤
አሥራ አንድ ጭረት፣ በጥንቃቄ የተሠራ።

ወንበሬን ያዝሁ።
የማማውን ሰዓት የምትሞላው ማን ነበረች?
ያን ዕለት አመሻሽ መሰላል ወጥታ ቆጣሪውን ወደኋላ ገፋች፤
ወደቡ ላይ ሦስት ሲሆን ማማው ገና አሥራ አንድ ይቀረዋል፤
ተኮሰች። ሮጠች። ደረሰች። ደወሉ ያኔ ይደውላል።
አርባው ሰው አልዋሸም። ቄሱም አልዋሸም። ብረቱ ነው የዋሸው፤
ሌሊቱን ተመልሳ ንስሐ አስገባችው፣ ማልጄ ወጥቼ እስካየው።

ቁና ቁና ትተነፍስ ነበር። መዝገብ ላይ አለ፣ በእኔው ጽሑፍ፤
«አስም» አልሁት፤ እሱ አሥራ ስድስት ዓመት ሲያንኳኳ ከደጃፍ።

ይርጋ የሚሉት ሕግ አለ፤ ዓመት ሲደራረብ ክስ ይሞታል።
የእሷ የሞተው አምና ነው። ቀኑን ቆጥራዋለች፣ ይመስለኛል።
ደግሞስ ምን ይዣለሁ? አንድ የዘገየ ሰዓት፤
«ሰዓቴ ተናዘዘልኝ» ብዬ የምቆመው በየትኛው ችሎት?
ሆድ ይፍጀው።
ጥፍሬን ከማረሚያው ጉጥ አሳረፍሁ። አላዞርሁትም።
ለምን? አትጠይቁኝ። ፍርድ ይሁን ፍርሃት፣ አላውቅም።

ዘንድሮ ዙልሚራ የመቃብሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤
ፀጉሯ ሸብቷል። «አርፍደዋል፣ ሴንዮር ኤቫሪስቶ» አለችኝ።
«በስንት?» አልኋት።
የእጅ ሰዓቷን አየች። መዳፌ ላይ የተከፈተውን የእኔን አየች።
ከዚያ ቀና ብላ፣ ብዙ ቆይታ፣ ማማውን አየች።
«በአሥራ አንድ ደቂቃ።»
አበባውን አስታቀፈችኝ።
«አዲስ ነገር?» አላለችም።
በሰዓት ሠሪዋ መንገድ፣ ቁልቁል፣ ሳትቸኩል ወረደች።