የጥንቸሏ ዳቦ

አባቴ አሎይዚ፣ የሩዳ ከተማ የከሰል ቆፋሪ፣
ለሠላሳ አንድ ዓመት የጨለማ ኗሪ፣
ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣
ወለሉ እንዳይጮኽ፣ «ልጆቼ ይተኙ» ብሎ።
እናቴ ትሩዳ ከቀዩ መስኮት ደፍ ቆማ ታየዋለች፣
«ደህና ሁን» አትልም፤ የተሰናበቱት አይመለስም ትላለች።

ታጥቦ ነው የሚመጣ፤ አንገቱ ነጭ ሆኖ፣ ጥፍሩ ጠርቶ፣
ከዓይኑ ዙሪያ ግን ከሰሉ ይቀራል፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ገብቶ፤
እኔም በልጅነት፣ ሚስቱን ደስ ሊያሰኝ የሚኳል መስሎኝ፣
«እኔንም ኳለኝ» ብዬው ነበር አንድ ቀን፤ ሳቀና አቀፈኝ።

ከቆዳ ቦርሳው በጋዜጣ ጥቅል ያወጣል ዳቦ፣
ጠርዙ የደረቀ፣ የማሽን ዘይትና የጉድጓድ ሽታ ደርቦ፤
«ከየት አመጣኸው?» ይላል ወንድሜ ኤርቪን፣ መልሱን እያወቀ፣
«ጥንቸል ናት የላከች፣ መንገድ ላይ አግኝታኝ» ይላል እየሳቀ፤
«ለሄድቪግ ይህችን፣ ለኤርቪን ያችን፣ ሳትጣሉ ብሉ አለች፤
ከጓሯችን ስለሰረቀችው ካሮት ይቅርታ ብላለች።»
በማለዳ እናቴ በእጇ ቆርሳ የቀባችው ያው ዳቦ ነበር፤
ታዲያ ምን ነክቶት ነው ጠዋት የሳር ያህል፣ ከሰዓት በኋላ ማር?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤
ርግቦች ነበሩት፤ እንደኛው ያውቃቸዋል፣ በስም ይጠራል።
ያ በሳምንት ስድስት ቀን ሰማይ የማያይ ሰው፣
እሑድን በሙሉ አንጋጦ ጨረሰው።
ከሩቅ አገር ለቀዋቸው፣ በነፋስ በዝናብ፣ አንድ በአንድ ሲደርሱ፣
ከንፈሩ ሲቆጥር፣ በቆሎ የጨበጠ እጁ ሲንቀጠቀጥ በኪሱ።
አንዷ ከዘገየች እራት የለም፤ «ትመጣለች» ይላል፤
ሾርባው ቀዝቅዞ የእናቴ ድምፅ ከደረጃው ሥር ይሰማል፦
«እኔስ አንተን ስጠብቅ?»
ያኔ ይወርዳል። ዝም ይላል።

መልአክ አልነበረም። በቅድስት ባርባራ ቀን፣ ላባ የሰካ ቆቡን ደፍቶ፣
ከነሙዚቃው ይሄዳል፣ በነጋታው ይመጣል፣ አንድ ጓንቱን አጥቶ።
እልኸኛም ነበር። ኤርቪን «ጉድጓድ አልወርድም» ሲለው፣
ለአሥራ አንድ ቀን አላናገረው፤
በአሥራ ሁለተኛው ብስክሌቱን ሸጦ የንድፍ መሣሪያና ኮት ገዛለት፤
ከዚያ ወዲህ በእግሩ ነው የሄደ፤ ስለ ብስክሌቱ ማንም አላነሳበት።

ጡረታ ሲወጣ ከሰሉ ከዓይኑ ጠራ፤ ከደረቱ ግን አልጠራ፤
ወደ ርግቦቹ አሥራ አራት ደረጃ ነው፤
ስድስተኛው ላይ ያርፋል፣ እንጨቱን ይዞ፣ ቀሪውን ሲቆጥር በተራ።

ስንቀብረው በረዶ ነበር። ጓደኞቹ በጥቁር የደንብ ልብስ ተሰልፈው፣
ሽማግሌው ቴዎፊል እጄን ጨበጠኝ፣ ሁለት ጣቶቹ ጎድለው፤
«የጥንቸሏ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለኝ ጠጋ ብሎ፣
«ሁልጊዜ ግማሹን በልቶ ግማሹን ይመልሳል፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፤
‹ጨርሰው እንጂ› ስንለው ‹ይህኛው የእኔ አይደለም› ይለናል፤
ሲርበው ግን እናውቃለን፤ ማሽኑ ሲቆም፣ የሆዱ ጩኸት ይሰማል።»

በሃምሳ ዓመቴ፣ ያን ቀን ነው የበላሁትን ያወቅኩት።

ርግቦቹን ዛብዤ ለሚኖር ሰው ሸጥን፤ ቤታቸውን ኤርቪን አፈረሰው።
በሳምንቱ አንዷ፣ ግራጫዋ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት፣ ተመለሰች፤
ቤቱ በነበረበት፣ ባዶው ጣሪያ ላይ፣ ቁጭ አለች።
ወስደን ሰጠናት፤ መጣች። ደግመን ወሰድናት፤ መጣች።
ሰውዬው ደወለ፦ «እናንተው ጋ ትቆይ፤ ዕዳ የለባችሁም፤
ይቺ መቼም እኔን አትለምደኝም።»
ኤርቪን ሳንቃውን መልሶ መታ፤ አንድ ጎጆ ለአንዲት ወፍ፤
እናቴም ወንበሯን መለሰች፣ ወደዚያው ወደ መስኮቱ ደፍ።

እኔ ደግሞ ከሥራ ወጥቼ ቦርሳዬን ስፈትሽ ትናንት ማታ፣
ግማሽ ዳቦ አገኘሁ፤ መቼ እንዳስቀረሁት እንጃ፤ ጥቅልሉ ሳይፈታ።
ልጆቼ አድገዋል፤ «ከየት ነው?» የሚል በቤቴ የለም።
ይዤው ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ግራጫዋ፤
ስድስተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ አረፍኩ፤
ደክሞኝ ግን አይደለም።