ስለ ግድግዳው፣ ለሚስተር ላሞንት

ይግቡ፣ ሚስተር ላሞንት። ጫማዎን አያውልቁ፤
ግላስጎው ነው ያለነው፣ እግሮች መች ደረቁ?
ደብዳቤዎ ደርሷል። ሦስቴ አነበብኩት፤
ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ያው፣ ለጠፍኩት።
«ተከራይ ሆይ፣ ይወቁ፤ ግድግዳው የጠቆረ
ልብስ ቤት ውስጥ በማስጣት፣ በርስዎ ነበረ።»

ታዲያ የት ላስጣው? እስቲ ይንገሩኝ ጌታው፤
ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይህን ሰማይ ማን ፈታው?
ጠዋት ደጅ ገመድ ላይ የሰቀልኩት አንሶላ
ማታ ሳወርደው ባልዲ ውሃ ሞላ።
ማድረቂያ ማሽንማ፣ አለ በየሱቁ ቤት፤
የኔ ቆጣሪ ግን ባለ ካርድ ነው፣ አያውቅም ምሕረት።
አንድ ዙር ባደርቅበት የሩሪን ሱሪ
እራቱን በላበት ያ ክፉ ቆጣሪ።

ቀና ይበሉ እስቲ። ጣሪያው ስር ያለውን፣
አራቱን ዘንግ እንጨት፣ ማውረጃ ገመዱን፣
የባሌ እናት ነበረች እዚህ ያሰቀለችው፣
ከመርከብ ሠሪዎች ጋር ጎቫን ያረጀችው።
ሙቀት ወደ ላይ ነው፤ ያንን ታውቅ ነበር፤
የሰው ቀሚስ ሁሉ እዚያ ላይ ሲበር!

እኔም እንደሷው ነኝ። ብቻ፣ ካጠብኩ በኋላ
ማሽኑን ባዶውን ደግሜ አሽከረክራለሁ፤
በጥቂት ሳንቲም ብዙ ውሃ እጨምቃለሁ።
ካልሲ ከካልሲ ጋር አይነካካም እኔ ቤት፤
እጅጌና እጅጌ አላቸው የክንድ ክፍተት።
የማድቤቱ በር ዝግ ነው፣ እስኪደርቅ ድረስ፣
እንፋሎቱ ከልጁ መኝታ እንዳይደርስ።

ልንገርዎ አንድ ነገር። ውሃ ሞቶ አያውቅም፤
ከሸሚዝ ስለወጣ ከቤት ወጣ አይባልም።
እንግዳ ነው ውሃ። በሩን ካላሳዩት
ጥግ ይዞ፣ ጋደም ብሎ፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚያዩት።
ስለዚህ እሸኛለሁ፣ ጠዋት እና ማታ፣
መስኮት ወለል አርጌ፣ አስር ደቂቃ፣ ላፍታ።
ብርድ ይገባል? ይግባ። ደረቅ ብርድ ይሻላል፤
እርጥብ ክፍል ማሞቅ ገንዘብ ያቃጥላል።

ይቺን ሳጥን ደግሞ፣ ከላይ ያለችው ሀርጂንደር፣
እኔ፣ እና ከታች ያለው ጡረተኛው ሾፌር
ሦስት ሆነን ገዛናት፣ አሮጌ፣ ከሰው እጅ፤
በየተራ ትዞራለች ከደጅ እስከ ደጅ።
እርጥበት እየጠጣች ታጉረመርማለች፤
እንደ ሟቹ ባሌ።
            እሷ ግን ትሠራለች።

አሁን ቁጭ ይበሉ። ይህን ደብተር ይዩት፤
ቀኑ፣ ልብሱ፣ ሊትሩ፣ በእርሳስ የጻፍኩት።
ኅዳር ሁለት፣ አንሶላ፦ ሁለት ሊትር ከሩብ።
ኅዳር አምስት፣ ፎጣ፦ አንድ ተኩል ግድም።
ኅዳር ዘጠኝ፣ ባዶ። ልብስ አላጠብኩም፤
ሩሪ ታሞ ነበር፣ ሳል ሲያፍነው አደረ፤
ያን ሌሊት ግድግዳው ላብ ያልበው ነበረ።

ጠረጠርኩ። ከዚያማ ልብሴን ተሸክሜ
እህቴ ቤት አጠብኩ፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ። እዚህ አንዲት መሐረብ
አልተሰጣችም፣ ሚስተር ላሞንት፣ አንዲት መሐረብ!
ጥቁሩን ግን በእርሳስ ዙሪያውን ያሰመርኩት
አልፎ፣ መስመሬን ረግጦ፣ ሄዶ አገኘሁት።

ልብስ በሌለበት ማነው ያረጠበው?
ይምጡ ወደ መስኮቱ። ወጣ ያርጉ አንገትዎን።
ወጣ! አይፍሩ። አሁን ወደ ላይ ያንሱ ዓይንዎን።
አዩት አሸንዳውን? ከመሃሉ ተሰብሮ
እርግብ ጎጆ ሠርታ፣ ሣር በቅሎ፣ አምሮ፣
ጣሪያው የሰበሰበው ድንጋዩን ተከትሎ ወርዶ
ከልጁ ራስጌ ይገባል ግንቡን ቀዶ።
ሁለት ዓመት ጻፍኩላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ
«ልብስዎን ደጅ ያስጡ» ነው መልሱ በሙሉ።

ዝም አሉ።
ይግቡ በሉ፣ ይበርድዎታል።
ኮትዎ እስከ ትከሻው፣ ኮሌታዎ ረጥቧል።
ያውልቁና ይስጡኝ። ዘንጉ ላይ ቦታ አለ፣
ከሩሪ ሹራብ ጎን፣ ሰፋ ያለ።
ሻይ እስክናፈላ ውሃው ይንጠፈጠፋል።
አዎ፣ ቤት ውስጥ ነው የማሰጣው።
ይህንንም ይጻፉት፤ እስክሪብቶ ይኸው።