የሚደፋበት

የጠባሴ ውርጭ ከንፈር ይሰነጥቃል፣
ተረከዝ ይከፍታል፣ ጉንጭን ያደርቃል።
እዚህ አገር ቅባት ጌጥ ብቻ አይደለም፣
ሳይቀባ የወጣ፣ የሚስቅም የለም።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ጸጉር ቤት ነው ያለሁ፣
ካስክ አሞቃለሁ፣ ቢጎዲን እፈታለሁ፣
ጓንት ሲያልቅብኝ በባዶ እጄ እቀባለሁ።
ሽታው ዓይን ያቃጥላል። «ለመድሽው?» ሲሉኝ «አዎ» እላለሁ፤
መልመድን ከመዳን ለይቼ መች አውቃለሁ።

አምና ቅዳም ስዑር፣ ወንበር ሁሉ ሞልቶ፣
የሻረግ ልጇን ይዛ ገባች።
ሐመልማል፣ ስምንት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል።
«አለስልሽልኝ፤ ማበጠር አቃተኝ» አለች እናት።
ከነጩ ብልቃጥ በሁለት ጣቴ ዛቅሁ።
«ይለበልበኛል» አለች ልጅቷ።
«ቆንጆ ነገር ይለበልባል» አልኳት።
ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የሻረግ ብቻዋን መጣች።
ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።
«ጡት አወጣች» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
ሌባ ቤት እንደገባበት ሰው።
«ገመድ ስትዘል አንድ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች።»

ሐኪሙ ጠይቋት ኖሯል፦ «ምን ትቀቧት ነበር?»
«የጸጉሩ ነው ብዬ አልምልም» ብሏታል፣ «ግን ይብቃ።
በሰው ገላ ውስጥ መልእክተኛ አለ፣ ሆርሞን የሚባል፤
ካንዳንዱ ቅባት ደግሞ የሱን ልብስ የለበሰ ይገባል፤
በር ጠባቂው መልኩን አይቶ ያሳልፈዋል፤
ማንም ሳይልከው፣ ቀኑ ሳይደርስ፣ ‹ደረሰ› ይላል።»

ያን ሌሊት ብልቃጡን መብራት ስር ገለበጥኩት።
ፊደሉ ጉንዳን ያህላል።
የአከራዬ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ሊያነብልኝ ሞከረ፤
ግማሹን ምላሱ አልያዘውም።
«ሽቶ» የሚለው ጋ ሲደርስ «ይሄን አውቀዋለሁ!» አለ።
ሽቶው ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልተጻፈም።

ከዚያ የራሴን ቆጠርኩ፦
ወሩን የሚስተው አበባዬ፣
ሁለት ጊዜ ያልጸናልኝ፣ «የእግዜር ነው» ብዬ ያለፍኩት።
ምናልባት የእግዜር ነው።
ምናልባት።
ቃሉ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሲነጋ በፌስታል ይዤው ወደ በሬሳ ወንዝ ወረድኩ።
ክዳኑን ፈታሁ።
ከድልድዩ በታች አንዲት ሴት ጎመን ታጥባለች፤
በጎች አንገታቸውን ደፍተው ይጠጣሉ።
ክዳኑን መለስኩ።
ሜዳ ላይ ልቅበረው? ሜዳው ይታረሳል።
ላቃጥለው? ጭሱ የማን መስኮት ይገባል?

አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።
ሌሎቹ፣ ያልተከፈቱት፣ ወደ ደንበኛ ያያሉ፤
የቤት ኪራይ አለብኝ።

ሐመልማል ትናንት መጣች።
«አይለበልብም?»
«ውሃ ብቻ ነው» አልኳት። «ለብ ያለ ውሃና ሚዶ።»
ጸጉሯ ታገለኝ። ሚዶዬ ሁለት ጥርስ ሰበረ።
«እንደኔ!» ብላ ሳቀች፣
በተሰነጠቀ ከንፈሯ፣
እጇን ከደረቷ ላይ ሳታነሳ።