ለማየት ብቻ

ሱር ለሰርግ ተጠርተው በሌሊት ተነሡ፤
ልጆቹን ከነብርድ ልብሳቸው መኪና ውስጥ አስተኛሁ፣ እንዳይቀሰቀሱ።
ማዳም ቁልፉን ሰጠችኝ፤ «እስከ ነገ ማታ ሥራ የለም» አለች፤
ቃሉ ለአፏ አዲስ ነው፤ ራሷም አፈረች።

ከሩዊ አውቶቡስ ያዝኩ። በመስኮቱ በኩል
ተራራው ያረረ ዳቦ፣ ቤቱ የተላጠ እንቁላል።
ከኋላዬ ሁለት የኬረላ ሰዎች በቋንቋቸው ያወራሉ፤
ቃሉ ባይገባኝም የደሞዝ ወሬ ነው፣ ያስታውቃል ኡፍ ሲሉ።

መትራህ ስደርስ ገና ጧት ነው፤ ባሕሩ ጠፍጣፋ፣
አንድ የድሮ ጀልባ ቆሟል፣ ሸራውን ጠቅልሎ ያንቀላፋ።
ዓሣ ተራ ገባሁ። ወትሮ ስመጣ የማዳም ዝርዝር አለኝ፣
ሹፌሩ ውጭ ቆሞ በጡሩንባ እያዋከበኝ፤
ዛሬ ባዶ እጄን ነኝ፤ ከትልቁ ቱና ፊት ለፊት ቆምኩኝ፣
ስድስት ዓመት ሆድ ዕቃውን ስጠርግ፣ ፊት እንዳለው መች አወቅኩኝ?
ሻጩ ቢላ ይዞ «ልክተፈው?» ሲለኝ፣
«ለማየት ነው» አልኩት፤ ዓሣውም ሰማኝ።

ሱቁ ውስጥ ጥላ ነው። ጣሪያው ጣውላ፣ ብርጭቆው ባለ ቀለም፤
የብር ጌጥ፣ የቴምር ሳጥን፣ ጩቤ፤ የሚያጣድፈኝ የለም።
ጢሙን ሂና ያቀላው የካሽሚር ሽማግሌ ሻል ዘረጋልኝ፤
«ለማዳምሽ ነው?» አለ። ጥያቄው ዝም አሰኘኝ።
ከዚያ «ለኔ» አልኩት፤ ቃሉ ወጣ እንደ ክር ቀጥኖ፤
አረንጓዴውን ትከሻዬ ላይ ጣለ፣ መስታወት ያዘልኝ እሱው አሽከር ሆኖ።
ዋጋው ከአሥራ ሁለት ሪያል ሰባት፣ ከሰባት አምስት ወረደ፤
«ለማየት ብቻ ነው» ብለው ሳቀ እንጂ አልተናደደ።
«ማየት ነፃ ነው» አለ። «ስምሽስ?»

እዚህ ላይ ላስረዳ። በቤቱ ሱዓድ ነኝ።
ከኔ በፊት የሠራችው ልጅ ሱዓድ ነበረች፣
ፍራሿንና ስሟን ትታልኝ ሄደች።
«ይታይሽ» አልኩት።
«ዪታዪስ» አለ፣ ምላሱ ተሰናክሎ። «ምን ማለት ነው?»
በተሰባበረ ዓረብኛዬ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ቃል ነው፦
«ሹፊ።»
እዪ።
ሹፊ አቧራውን! ሹፊ ልጁን! ሹፊ፣ ወተቱ ገነፈለ!
ለካ ማዳም ሳታውቀው በስሜ ስትጠራኝ ነው የኖረች፤
እኔም አቤት ስል፣ እሷም ሳትሰማ ቀረች።

የማላባር ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ፤ ደግሜ ልበለው።
ፓራታ በእንቁላል፣ ከረክ ሻይ፤ አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ሲወለውለው
እጄ ሳላዘው ተነሣ፣ ጨርቁን ሊቀበለው።
«ተይ እህቴ» አለ ልጁ። እጄን ጭኔ ሥር ቀበርኩት፣
እንደ ባለጌ ልጅ ተቀመጥኩበት።

ከሰዓት ምሽጉ ላይ ወጣሁ፤ ደረጃው ትንፋሽ ይቆርጣል፤
ከላይ ሲያዩት ወደቡ ሳህን ነው፣ ጀልባው ፍርፋሪ ይመስላል።
(ይሄን ሳህን ግን እጠቢው ያለኝ የለም።)
ፀሐይ ያቀላቻት ፈረንጅ ከመርከብ ወርዳ ስልኳን ዘረጋችልኝ፤
አነሣኋት። የኔን ተቀብላ እሷም አነሣችኝ።
ፎቶውን ለእህቴ ለትርንጎ ላክሁት ወደ ሐርቡ፤
ወዲያው ጻፈች፦ «ልጆቹስ? ወዴት ገቡ?»
ለካ የላክኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የሰው ልጅ የታቀፍኩባቸው ናቸው፤
ትርንጎ ሐርቡ ሆና ጥርሳቸው ሲበቅል እልል ያለችላቸው።
«ዛሬ የሉም።»
«ብቻሽን? ምን ሆንሽ?»
«ምንም። እያየሁ ነው።»
ስልኩ «እየጻፈች ነው» እንዳለ ብዙ ቆየ።

መግሪብ ሲሉ መብራቱ በባሕሩ ዳር ተለኮሰ፤
የነጠላ ጫማዬ ማሰሪያ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ተበጠሰ፤
አንድ እግሬን እየጎተትኩ፣ ሳልቸኩል፣ ቤት ገባሁ።
ሳሎኑን አበራሁ።
ቴሌቪዥኑ ላይ አቧራ ተኝቷል፤ ማንም «ሹፊ» ሳይለኝ አየሁት፤
ደህና እደር ብዬው መብራቱን አጠፋሁት።