ሰባተኛው ሳጥን

ሃሊፋክስ ወደብ ላይ ጉም ተጋድሞ ሳለ፣
ውድነሽ ቅጹን ገለጠች፤ ቅጹ እንዲህ አለ፦
«የድርጅቱ ስም?» — «ውድነሽና ልጇ»።
(ሸሪኳ አራት ዓመቷ፣ ተኝታለች ከእጇ።)

«የሚገባው ዕቃ?» — «ኮረሪማ» ጻፈች፤
ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ ገልጣ አጣች።
«ሄል ነው?» — «አይደለም።»
«ዝንጅብል?» — «ይዛመዳሉ፤ ግን አይነጋገሩም።»
የሴትዮዋ ጣት ከገጹ ግርጌ ዐረፈ፦
«ሌላ፣ ያልተጠቀሰ።»
ስንት ድስት ያስከበረ
እዚህ «ሌላ» ተብሎ በአኃዝ ተጻፈ።

ሰባተኛው ሳጥን፦ «የሚወጣስ ዕቃ?»
«ከሌለሽ እለፊው» አለቻት፣ ሰዓቷን አይታ ሰርቃ።
ውድነሽ ብዕሯን ያዘች። የጎረቤት ሰፌድ
ሞልቶ መጥቶ ሳለ፣ ባዶውን አይሄድ።
«አዎ» ላይ ምልክት አድርጋ ፈረመች፤
ምን እንደምትልክ ግን
እሷም ገና አላወቀች።