ቁም ነገር

ረቡዕ ማታ ነበር።
ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ጠጠር ይዘራል፣
የላንግሾ ደጋፊ ባዳራሹ ታጭቆ ይከራከራል፤
ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ብስኩቱ ረጥቧል፣
አንዱ “ቁሙ!” ይላል፣ አንዱ “ተቀመጡ!” ይላል።

ጄማ ቀድማ ተነሳች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
የክለቡን ሻርፕ አስራ ከወገቧ፦
“ተቀምጦ ጨዋታ የጥርስ ሐኪም ደጅ ነው፤
ወንበሩ ይነቀል፣ ብረት ይተከልልን፣
እሱን ደገፍ ብለን ቆመን እናሙቀው።”

ሃሮልድ ጉልበቱን እያሻሸ፦
“ከፊቴ ስትቆሙ የጃኬት ጀርባ ነው ለኔ የሚተርፈኝ፤
አምና ከገባው ጎል ግማሹን የነገረኝ
ጩኸታችሁ እንጂ ዓይኔ መቼ አየልኝ!”

የደህንነት ሹሙ መነጽሩን አጥልቆ ሰነዱን ገለጠ፣
ስፋቱን፣ ክብደቱን ባሃዝ አስቀመጠ፤
“ላንድ ሰው አንድ ቦታ፣ በየረድፉ ብረት፤
እንደ ድሮው አይደለም” ሲል፣ ባንዲት ቅጽበት
አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ዞረ ሁሉም አንገት
ወደ ኋላው ወንበር፣ ሞይራ ወዳለችበት።

ቀስ ብላ ተነሳች። ቦርሳዋን አልለቀቀችም።

“ዴሪክ ወንድሜ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣
ከኔ ባንድ ስንዝር ይበልጥ ነበር ቁመቱ።
የዛገው ብረት ጎብጦ፣ ሰው በሰው ላይ ሲመጣ፣
ወድቆ አይደለም የሞተው፤ መውደቂያ ስፍራ አጣ፤
በቁሙ ነው የሞተው።
በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ካንድ ሰው ኪስ፤
ሰውዬው ሻይ ሊጠጣ ሄዷል፤ እስኪመለስ...

ገዳዩ መቆም ነው ተብሎ ተፈረደ፤
ሜዳው ወንበር ለበሰ፣ መቆም ተወገደ።
ቁልፉ ግን አልተከሰሰም፤
ዝገቱን የጠየቀው የለም፤
ብረቱን የተከለው ሰው ስም እንኳ አልነበረውም።”

አቋሟን ሳትናገር ተቀመጠች።

ሕጉን የሰቀሉት ተቀምጠው ነበር፤
እኛ ቆመን ልናወርደው ስንታገል አመሸን።

እኔ በያጅ ነኝ። ከበሩ አጠገብ ሆኜ ሰማሁ፣
አፌንም አልከፈትኩ።
በማግስቱ ጠዋት ለሙከራ የተፈቀደችውን
አንዲት ረድፍ ስበይድ፣
ጭምብሌን ቀና ባደርግ ከፊቴ ቆማለች።
ብረቱን በሁለት እጇ ገፋችው፣ ሳበችው፣
ደግሞ ተንጠለጠለችበት፤
የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ እንደ ሕፃን እግሯ ከመሬት ተነሳ።
“ስንት ሰው ይችላል?”
ቁጥሩን ነገርኳት።
“ቁጥሩን ትናንት ሰምቻለሁ። ማነው የበየደው?”
“እኔ ነኝ።”
“እንግዲያው ስምህን ጻፍበት።”

የሳቅኩ መሰለኝ። እሷ አልሳቀችም።
“በየብረቱ ላይ የሠሪው ስም ይኑር፣
በየበሩም ላይ የቁልፍ ያዡ ስም፤
ያኔ ልጆቹ ይቁሙ።
ስም የሌለው ብረት ላይ እኔ ማንንም አላቆምም።”

ሃያ ስድስት ዓመት በይጃለሁ፤
አጥር፣ ደረጃ፣ የድልድይ መከታ።
እናቴ ያወጣችልኝን ስም ግን
በእጄ ሥራ ላይ ጽፌው አላውቅም።
መቅረጫውን አነሳሁ። “ኬ” ብዬ ጀመርኩ፣
እጄ ቆመ፤
አሁን ለስላሳ ነው ያልኩት ስፌት ላይ
የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አየሁ።
ማንም አያያትም ነበር።
ፈጨሁት። እንደገና በየድኩት።
ከዚያ ጻፍኩ፦ ኬነት ዎርስሊ።

ቅዳሜ ሁለት ለባዶ ተሸነፍን።
ጄማ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፣
ሃሮልድ ከላይኛው ረድፍ፣ ከወንበሩ ላይ፣ ዳኛውን ረገመ።
ሞይራ ብረቱን እንደ መቋሚያ ተደግፋ
አውራ ጣቷን ስሜ ላይ አሳርፋ ቆማለች።
ጎሎቹ እንዴት እንደገቡ አትጠይቁኝ፤
ዘጠና ደቂቃ ሙሉ
እኔ የማየው ያንን ብረት ነበር።